ስመ ጥሩው «ላ ፍራንስ» ጽጌረዳና የአብቃዮች ምዘና

አንድ የአበባ ዝርያ በስሙና በታሪኩ የሚያገኘው ክብር በማሳ ላይ ከሚያስገኘው ውጤት ጋር ሁልጊዜ አይጣጣምም። ለዚህም ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ በ1867 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ዣን ባቲስት ጊዮ በተባሉ አዳቃይ የወጣው፣ ሮዝ ቀለም ያለው «ላ ፍራንስ» የተሰኘ ጽጌረዳ ነው። ዝርያው ከ150 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ቢሆንም፣ አብቃዮች ስለ እርሱ የሚሰጡት አስተያየት እስከ ዛሬ የተከፋፈለ ነው። የልዩነቱ ምክንያት ሲመረመር፣ ጽጌረዳ ወደ ውጭ በመላክ የውጭ ምንዛሪ ለሚያገኙ አገሮች ሁሉ ጠቃሚ ትምህርት ይገኝበታል።

«ላ ፍራንስ» በዓለም ዙሪያ «ሃይብሪድ ቲ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የጽጌረዳ ክፍል የመጀመሪያው ተወካይ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ክፍል መነሻቸው ቻይና የሆነውን፣ ደጋግመው የሚያብቡትን ነገር ግን ብርድ የማይችሉትን «የሻይ ጽጌረዳዎች» ብርድን ከሚቋቋሙት የአውሮፓ ጽጌረዳዎች ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። የአሜሪካ የጽጌረዳ ማኅበርም ይህንኑ ዓመት እንደ ድንበር በመውሰድ፣ ከ1867 በፊት የነበሩትን የጽጌረዳ ክፍሎች «የጥንት» ሲል መድቧቸዋል።

ዝርያውን የሚያደንቁት አብቃዮች በቅድሚያ የሚያነሱት መዓዛውን ነው። ሾጠጥ ያለ ረጅም እምቡጥ፣ ብርማ ሮዝ ቀለም፣ ወደ ውጭ የሚታጠፉ በርካታ የአበባ ቅጠሎችና በወቅቱ ውስጥ ደጋግሞ የማበብ ጠባይ እንዳለውም ይገልጻሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በአሜሪካ በመስታወት ቤት ውስጥ እየለማ ለቆረጣ አበባ ገበያ ይቀርብ የነበረውም በእነዚሁ ጠባዮቹ ነው።

ነቀፌታ የሚያቀርቡት በበኩላቸው ዝርያው በእርጥብ አየር ጠንቅ እንደሚገጥመው ያመለክታሉ። ዝናብ ሲበዛ የውጪዎቹ የአበባ ቅጠሎች እርስ በርስ ተጣብቀው እምቡጡ ሳይፈካ ይበሰብሳል። የአበባው አንገት ደካማ በመሆኑ የፈካው አበባ ወደ ታች ያዘነብላል። ቅጠሎቹን የሚያጠቃው የጥቁር ነጥብ በሽታም ተደጋጋሚ ርጭት ይጠይቃል።

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት እውነት ነው። በሞቃትና ደረቅ አካባቢ ያለው አብቃይ የፈካውን አበባ ሲመለከት፣ ዝናባማ በሆነ አካባቢ ያለው ደግሞ የበሰበሰውን እምቡጥ ያያል። ለጓሮው ውበት የሚተክለው መዓዛውን ሲያስቀድም፣ ለገበያ የሚያመርተው የዘንጉን ጥንካሬና አበባው ከተቆረጠ በኋላ የሚቆይበትን ጊዜ ይለካል። ስለሆነም ክርክሩ ከዝርያው ይልቅ ዝርያው በተተከለበት ቦታና በተፈለገበት ዓላማ ላይ ያተኮረ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የመዛግብት ነው። የ«ላ ፍራንስ» ወላጆች እነማን እንደሆኑ በእርግጠኝነት አልተመዘገበም፤ በዚህም የተነሳ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የክሮሞዞም ስብስቡ ሦስት እጥፍ በመሆኑም ዘር የመስጠት አቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ በ1879 ወላጆቻቸው ታውቀው የተዳቀሉ ጽጌረዳዎችን ይፋ በማድረጋቸው፣ የማዳቀሉ ሥራ ከአጋጣሚ ወደ ዕቅድ እንዲሸጋገር አስተዋጽኦ አድርገዋል። ከእርሳቸው ዝርያዎች አንዱ የሆነው «ሌዲ ሜሪ ፊትዝዊልያም» በኋላ ለወጡ በርካታ ዝርያዎች ወላጅ ለመሆን በቅቷል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ቀዳሚ መሆን ብቻውን ዘላቂ ጥቅም እንደማያስገኝና የምርምር ውጤት በአግባቡ ሲመዘገብ ለቀጣዩ ትውልድ መነሻ እንደሚሆን ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል። አገሪቱ በአበባ ላኪነት በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ ስትሆን፣ በግሪን ሃውሶቿ ከሚለሙት ጽጌረዳዎች መካከል የ«ሃይብሪድ ቲ» ወገን የሆኑት ዋነኛ ሥፍራ አላቸው። ዝርያዎቹን የሚያወጡት በአብዛኛው የውጭ አዳቃዮች በመሆናቸው አብቃዮች ለመብቱ ሮያሊቲ ይከፍላሉ። የአዳቃዮችን መብት ለማስከበር እ.ኤ.አ በ2006 አዋጅ ቁጥር 481 የወጣ ሲሆን፣ በ2017 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1068 ተተክቷል።

ክፍያ ተፈጽሞበት የሚገባ ዝርያ ግን በአውሮፓ ጥሩ ስም ስላለው ብቻ በየትኛውም አካባቢ እኩል ውጤት አይሰጥም። እንደ ሆለታ ባሉ ቀዝቃዛ ደጋማ አካባቢዎች ጽጌረዳ ቀስ ብሎ እያደገ ትልቅ አበባ ይይዛል። ሞቃት በሆነው በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ደግሞ አበባው አነስ ብሎ የዘንጉ ቁጥር ይበዛል። አንድ ሰው በአንዱ ሥፍራ ያመሰገነውን ዝርያ በሌላው ሥፍራ ያለው ቢነቅፈው ሊያስገርም አይገባም። ተክሉ ለዓመታት በማሳ ላይ የሚቆይ በመሆኑም በምርጫ ወቅት የሚፈጸም ስህተት በአንድ የምርት ዘመን የሚታረም አይደለም።

ስለዚህ የዘርፉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው አዳዲስ ዝርያዎች በስፋት ከመተከላቸው በፊት በየሥነ ምህዳሩ እንዲሞከሩ ማበረታታት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አብቃዮች ስለየዝርያው ያላቸው አስተያየት ቦታው፣ ከፍታውና ወቅቱ ተጠቅሶ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ቀጋ በሚል ስያሜ የምትታወቀው የአገራችን የዱር ጽጌረዳም በዚህ ረገድ ልትዘነጋ አይገባም። ከደጋው አየርና አፈር ጋር ተስማምታ የኖረች በመሆኗ፣ ጠባይዋ ተጠንቶ ቢመዘገብ ወደፊት በአገር ውስጥ ለሚከናወን የማዳቀል ሥራ ሊጠቅም ይችላል።

«ላ ፍራንስ» ዛሬ ለገበያ የሚመረጥ አበባ አይደለም። ይሁን እንጂ በጀርመኑ የዛንገርሃውዘን የጽጌረዳ ሥፍራ እንዳሉት ባሉ ስብስቦች የቀድሞ ዝርያዎች ተጠብቀው መቆየታቸው፣ ያለፈውን ልምድ ከአሁኑ ጋር ለማነጻጸር አስችሏል። የአብቃዮቹ ክርክርም ቢሆን በአግባቡ ከተመዘገበ ለነገው ምርጫ ግብዓት እንደሚሆን አያጠራጥርም።