ስለ መሬት ካርታና ስለ ድንበር ምስክርነት

የገበሬ ድንበር በጥንት ዘመን ተጽፎ ይኖር የነበረው በወረቀት ሳይሆን በሽማግሎች ልቡና ነው። ድንጋይ ይተከላል፤ ዛፍ ይጠቀሳል፤ ወንዝና ሸለቆ ይጠራል፤ ክርክርም በተነሣ ጊዜ አዋሳኙና የአገር ሽማግሌው ቆመው ይመሰክራሉ። ነገር ግን ድንጋይ ይነቀላል፤ ዛፍ ይቈረጣል፤ ሽማግሌም ይሞታል። በዚህ ምክንያት ብዙ ወንድማማችና ጎረቤት ስለ አንዲት ቍራጭ መሬት በፍርድ ቤት ደጅ ሲመላለስ ዕድሜውን ጨርሷል።

ይኸን ችግር ለማቃለል በ1990 ዓ.ም. በትግራይ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በአማራ፤ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የገበሬው ይዞታ እየተመዘገበ ደብተር ይሰጠው ጀመር። ሥራው ታላቅ ነበር፤ ሆኖም ልኩ ብዙውን ጊዜ በገመድ ስለ ተወሰደ፤ ድንበሩም በአዋሳኞች ስም ስለ ተጻፈ፤ ደብተሩ መሬቱ የማን እንደ ሆነ እንጂ መሥመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለይቶ አያሳይም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ከአይሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሣ ፎቶግራፍ፤ በመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ምክንያት የሚያገኘው መጣመም ከታረመለት በኋላ፤ እንደ ካርታ ለመለኪያ የሚያገለግል ሆነ። መዝጋቢዎች ፎቶግራፉን በወረቀት አትመው ወደ ማሳው ይወርዳሉ፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት የድንበሩን መሥመር በላዩ ያሠምራሉ፤ መሥመሩም በኮምፒዩተር ተመዝግቦ ስፋቱ ይሰላል፤ ስሕተት ያለበትም እንዲታረም ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጣል።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የሚያሳየው በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የተሸፈነውን ድንበር አያሳይም፤ ማሳው የባልቴቲቱ ይሁን የጎረቤቷ አይለይም። ይኸንን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አዲሱ ካርታ የምስክርን ዋጋ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከፍ አደረገው እንጂ። በሐሰት የተሠመረ መሥመር አንድ ጊዜ ከመዝገብ ከገባ በኋላ እንደ እውነት ተቈጥሮ ለልጅ ልጅ ይተላለፋልና።

እንግዲህ መዝጋቢው በችኰላ እንዳያልፍ፤ የቀበሌውም ሹም ባልቴቶችን፤ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆችና ከአገር ርቀው የሚኖሩትን ሳይጠራ መሥመር እንዳያዘጋ ያስፈልጋል። ባለይዞታውም በልኬቱ ቀን ከማሳው ሊገኝ፤ መዝገቡ በተገለጠ ጊዜም ሊመረምር ይገባዋል። መሬቱ በውርስ ወይም በስጦታ በተላለፈ ቍጥር ለውጡን ማስመዝገብ የእርሱ ፈንታ ነው፤ ያልታደሰ ካርታ የሙታንን ስም ይዞ ይቀራልና።

መሬትን መለካት የመሣሪያ ሥራ ነው፤ ድንበርን ማጽናት ግን የእውነተኛ ሰው ሥራ ነው።