አንድ ጣሪያ፣ ሁለት በር

ሊኑክስ ለባለ 32 እና ለባለ 64 ቢት የኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ለዓመታት ሁለት የተለያዩ የኮድ ማኅደሮች ነበሩት። ኮድ መቅዳት በመጀመሪያው ቀን ርካሽ ነው፤ ዕዳው የሚመጣው በአንዱ የታረመ ስሕተት በሌላው ሳይታረም ሲቀር ነው።

በጥር 2008 እ.ኤ.አ. በወጣው የከርነሉ 2.6.24 ስሪት፣ በቶማስ ግላይክስነርና በኢንጎ ሞልናር መሪነት፣ ማኅደሮቹ ተዋሐዱ። ብልኀቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። ፋይሎቹ መጀመሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ፤ የሚመሳሰለው ኮድ የተዋሐደው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። ከርነሉ ሥራ የሚጀምርባቸው የመጀመሪያ ትእዛዛት ግን በሁለቱ ፕሮሰሰሮች በእርግጥ ስለሚለያዩ፣ የመነሻ ፋይሎቹ ዛሬም ለየብቻ ናቸው።

ተቋማትን በአንድ አዋጅ ለማዋሐድ የሚቸኩል የፖሊሲ ባለሙያ ይህን ቢያጤን ይበጀዋል። የጋራ የሆነውን ሁሉ መጋራት ወጪ ይቆጥባል፤ የማይመሳሰለውን አስገድዶ ማመሳሰል ግን ሌላ ዕዳ ነው።