ስለ አንጎልና ስለ ሕብለ ሰረሰር ዕጢ የተገኘው አዲስ መሣሪያ

የሰው አካል ሁሉ ክቡር ነው። ነገር ግን አንጎል እንደ አዛዥ፤ ሕብለ ሰረሰርም ትእዛዙን እንደሚያደርስ መልእክተኛ ናቸውና፤ በእነዚህ ላይ የበቀለ ዕጢ ትንሽ እንኳ ቢሆን የሰውን ኑሮ ሁሉ ያናውጣል። በሌላ አካል ላይ የበቀለውን ዕጢ ሐኪሙ ከዙሪያው ካለው ሥጋ ጋራ አስፍቶ ሊቈርጠው ይቻለዋል። በአንጎል ላይ ግን ከወሰን ጥቂት ማለፍ አንደበትን መዝጋት ወይም እጅን ማሽመድመድ ይሆናል። እንግዲህ የዚህ ሕክምና ታሪክ ሁሉ ስንዴውን ሳይነቅሉ እንክርዳዱን ብቻ ለመንቀል የተደረገ የብዙ ዘመን ድካም ነው።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ሪክማን ጎድሊ የተባለው ሐኪም ከአንድ ሰው አንጎል ዕጢ አወጣ። በዚያን ጊዜ የራስ ቅልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ስላልነበረ፤ የዕጢው ሥፍራ የታወቀው የሕመምተኛውን የአካል ድካም በመመርመር ብቻ ነበር። ሥራው ቢከናወንም ቍስሉ መርቅዞ ሕመምተኛው አንድ ወር ያህል ቈይቶ ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1887 ዓ.ም. ቪክቶር ሆርስሊ በዚያው ከተማ እግሩ ከሰለለ ሰው ሕብለ ሰረሰር ላይ ዕጢ አወጣ፤ ሰውዬውም ድኖ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ትልቁ ጠላት የደም መፍሰስ ነበር። በ1926 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ሃርቪ ኩሺንግ፤ ዊልያም ቦቪ በሠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ደሙን እያቆመ፤ ቀድሞ ስለ ደሙ ብዛት ትቶት የነበረውን ዕጢ ለማውጣት ቻለ።

በኋለኛው ዘመን የተገኙት መሣሪያዎች ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቁ ናቸው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በዙሪክ ከተማ ፕሮፌሰር ያሳርጊል በማይክሮስኮፕ እያዩ መሥራትን አስፋፉ። በ1971 ዓ.ም. በሎንዶን የራስ ቅልን ሳይከፍቱ አንጎልን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ ተሠራበት። ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ጫፉ በአንድ ሴኮንድ ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያም ተገኘ፤ ይህም ዕጢውን ፈጭቶ ይመጠዋል፤ ጠንካራውን የደም ሥር ግን በአመዛኙ ይተወዋል። ደግሞም ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚጠጣው መድኃኒት ተገኝቷል፤ በሰማያዊ ብርሃን ሲያዩት ክፉው ዕጢ እንደ ፍም ይቀላል። በ2006 ዓ.ም. በጀርመን አገር 270 ሕሙማንን አስተያይቶ የታተመው ጥናት፤ በዚህ ብርሃን ከተሠራላቸው ከመቶው 65ቱ፤ ያለ እርሱ ከተሠራላቸው ግን ከመቶው 36ቱ ብቻ የሚታየው ዕጢ ፈጽሞ እንደ ወጣላቸው አስረድቷል።

ነገር ግን መሣሪያ ሞትን ያስቀራል ብሎ ማሰብ አይገባም። ያው ጥናት ዕጢው ተመልሶ የሚያድግበት ጊዜ እንደ ዘገየ ቢያሳይም፤ የዕድሜው ጭማሪ ያን ያህል ጐልቶ አልታየም። ጥሩ መሣሪያም በአላዋቂ እጅ ከተያዘ እንደ ሰይፍ ይቈጠራል። ማደንዘዣ የሚሰጥ፤ ዕጢውን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ዓይነቱን የሚለይ፤ መሣሪያውን የሚያድስ፤ ሌሊት ሕመምተኛውን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፤ በብዙ ገንዘብ የተገዛው ዕቃ በሣጥን ውስጥ ሆኖ የአቧራ ማረፊያ ከመሆን አያልፍም።

በኢትዮጵያ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተዠመረው በ2006 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኖርዌይ አገር በበርገን ዩኒቨርሲቲ ኅብረት ነው። ይህ ሥራ ያስተማረው ትምህርት አለ፤ ይኸውም ከመሣሪያው አስቀድሞ ሰውን ማዘጋጀት እንደሚገባ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ገንዘብ በእጃቸው ያለ ሹማምንት የመሣሪያ ዋጋ ሲቀርብላቸው፤ የመለዋወጫው፤ የጠጋኙና የሠልጣኙ ዋጋ አብሮ ካልተጻፈ ሒሳቡ ገና እንዳልተፈጸመ ሊያውቁት ይገባል። ብልህ ገበሬ በሬ ሳይኖረው ማረሻ ብቻ ገዝቶ አይመለስም።

ካህናትም በዚህ ነገር ታላቅ ድርሻ አላቸው። ሰው ሲታመም አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ይነግራል። ከቀን ወደ ቀን የሚብስና ማለዳ የሚጸና ራስ ምታት ከትውከት ጋራ ሲመጣ፤ ዓይን ሲፈዝ፤ በጕልማሳ ላይ አዲስ መውደቅና መንፈራገጥ ሲታይ፤ እግር ቀስ በቀስ ሲከዳና ሽንት ሲከለከል፤ ነገሩ ሁሉ በአጋንንት ብቻ ተመካኝቶ ወራት ሊያልፍ አይገባም። በሕብለ ሰረሰር ላይ ከሚበቅሉት ዕጢዎች ብዙዎቹ ነቀርሳ ያልሆኑና በጊዜ ቢወጡ የሚድኑ ናቸው፤ እግሩ ፈጽሞ ከሰለለ በኋላ የሚመጣው ሰው ግን ዕጢው ቢወጣለትም የመነሣት ተስፋው ያነሰ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ እንደሚያስተምር ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ጠበሉን የባረከ አምላክ ለሐኪሙም ጥበብን የሰጠ እርሱ ነውና፤ ሕመምተኛው ጸሎቱን ሳይተው ወደ ሐኪም ቤት ፈጥኖ ይሂድ ብሎ መምከር ሃይማኖትን የሚያጸና እንጂ የሚያጐድል አይደለም።

እንግዲህ ሹሙ ገንዘቡን በማስተዋል ቢያወጣ፤ መምህሩ ተማሪውን በትጋት ቢያሠለጥን፤ ካህኑም በሽተኛውን በጊዜ ቢልክ፤ አዲሱ መሣሪያ የተሠራበትን ጕዳይ ይፈጽማል። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ግን፤ መዳን ሲቻል በዘገየ ወይም በባከነ ነገር ምክንያት የሚጠፋው ሕይወት ከሁሉም ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።