ለእግር የተፈቀደ ለላንቃ ስለምን ይነፈጋል?

እግሩ የተቆረጠ ሰው፣ ሰው ሠራሽ እግር እንደሚያስፈልገው ዛሬ ማንም አይከራከርም። እዚሁ አርባ ምንጭ እንኳ ይህን የሚሠራ የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ። ላንቃው በካንሰር ምክንያት ለተቆረጠ ሰው ግን ሰው ሠራሽ ላንቃ ይገባዋል ቢባል፣ ብዙዎቻችን የቁንጅና ጉዳይ ይመስለናል። ይህን አስተሳሰብ እቃወማለሁ።

አንድ የላንቴ ሙዝ አምራች እናስብ። የላይኛው መንጋጋው ካንሰር በቀዶ ጥገና ወጣለት፤ ነፍሱም ተረፈች። ነገር ግን በአፉና በአፍንጫው መካከል ቀዳዳ ቀረ። የጠጣው ውሃ በአፍንጫው ይመለሳል። ሲናገርም አየሩ በአፍንጫው ስለሚያመልጥ፣ በአፍ ውስጥ ታምቀው የሚፈነዱት እንደ ጠ፣ ጰ፣ በ ያሉት ድምፆች ይጠፉበታል፤ ም እና ን ግን ይቀሩለታል። (ቋንቋ ለምናጠና ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።) «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ያቃተው፣ በጋሞኛም «ሳሮ» ሲል የማይሰማለት ሰው፣ ዱቡሻ ላይ ምን ብሎ ይቆማል? ከጎረቤቱስ ጋር እንዴት ከአንድ ገበታ ይቀርባል? ከበሽታው ድኖ ሳለ ከቤት ሳይወጣ ይኖራል።

መፍትሔው እኮ ያረጀ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዓመት እንዲህ ያለው ቀዳዳ በወርቅ ወይም በብር ሰሌዳና በስፖንጅ እንዴት እንደሚደፈን ጽፎአል። የዛሬው መድፈኛ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠራበት ከዚያው ከአክሪሊክ ነው። ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። የአፉ ልክ የሚወሰደው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው፤ የመጀመሪያው መድፈኛ በዚያው ዕለት ይገባል፤ ቁስሉ እየሻረ ሲሄድ የአፉ ቅርጽ ስለሚለወጥ ደጋግሞ ይስተካከላል፤ የመጨረሻው ከወራት በኋላ ይሠራል። የጨረር ሕክምና ከታከለበት ደግሞ ይልቁን ይዘገያል። ታዲያ ለእያንዳንዱ ማስተካከያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲመላለስ ሙዙን ማን ይጠብቅለት?

«አገሩ ድኻ ነው፤ ነፍስ ከተረፈች ይበቃል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ድኽነታችንን አልክድም። የቀዶ ጥገናውን ታላቅ ወጪ ከከፈሉ በኋላ በአክሪሊክ የሚደፈነውን ቀዳዳ ክፍት መተው ግን ምን ዓይነት ቁጠባ ነው?

ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት የጥርስ ሐኪሙን ይጥራ። ማስተካከሉም ይህን ሥራ በተማረ የጥርስ ቴክኒሻን፣ ለበሽተኛው ቅርብ በሆነ ሆስፒታል ይደረግ፤ ለላንቴው ሰው ማለት አርባ ምንጭ ላይ።