የነጭ ሳር ትምህርት ለአልጣሽ

የፓርክ አስተዳደር ለሌላ ወገን ይተላለፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠይቀው የመግቢያውን ዋጋ ነው። እኔ ግን የነጭ ሳርን ታሪክ አስታውሳለሁ። መንግሥት ፓርኩን በ1996 ዓ.ም. ለአፍሪካን ፓርክስ በውል ሰጠ። በውስጡ የሚኖሩት የኮሬና የጉጂ ሰዎች ጉዳይ ግን በስምምነት አልተፈታም፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ በ2000 ዓ.ም. እንደሚለቅ አስታወቀ። ጎብኚውም ተስፋ የተደረገለትን ሳያይ ቀረ።

ከመተማ በስተደቡብ፣ ቋራ ውስጥ፣ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው አልጣሽ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይዋሰናል። አንበሶች እንዳሉበት በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ተረጋግጧል። ነገ ይህን ፓርክ ላስተዳድር የሚል ቢመጣ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የቋራ ገበሬና የጉሙዝ መንደሮች ይመከሩበት። በዚያ ጠረፍ እንግዳን በሰላም አስገብቶ በሰላም የሚሸኘው ቲኬት ቆራጩ ሳይሆን ባላገሩ ነውና።