ከመሸጥዎ በፊት አንድ ፍላሽ

ይድረስ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ግራ ለገባዎት አንባቢ፤

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። የእርስዎ ላፕቶፕ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ፣ ከአንድም ሁለት ባለቤት ያየ ከሆነ ይህን ላያሟላ ይችላል። ጥገና ቤት ቢወስዱት «ይሽጡትና አዲስ ይግዙ» ይሉዎታል። እኔ ግን መጀመሪያ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ በፍላሽ ይሞክሩ እላለሁ።

የትኛውን ሊኑክስ? ጣጣው እሱ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ሆኖ የጀመረው ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ ብቻ ነው። በዙሪያው ፕሮግራሞችን ሰብስበውና አስማምተው ሙሉ ሥርዓት አድርገው የሚያቀርቡት ብዙ ናቸው። ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ አለ፤ ኡቡንቱ ከዴቢያን ተነሥቶ በ2004 ወጣ፤ ሚንት ደግሞ ኡቡንቱን ይዞ ተነሣ። ፌዶራና አርች የሌላ ቤት ልጆች ናቸው። የዘር ሐረጉ እዚህ ይብቃን።

ለመሞከር ምንም መጫን አያስፈልግም። ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ያዘጋጁ (ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሠርግ ፎቶ ካለበት ቀድመው ያውጡ)። ቬንቶይ ጥሩነቱ ሁለት ሦስቱን ሥርዓት አንድ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥልዎታል። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያስነሡ ኤፍ12ን፣ በአንዳንዱ ኤፍ9ን ወይም ኢስኬፕን ይጫኑና ፍላሹን ይምረጡ። ሥርዓቱ ከፍላሹ ተነሥቶ ራም ላይ ይሠራል። «ኢንስቶል» የሚለውን እስካልነኩና ፋይሎችዎን ራስዎ ገብተው እስካልሰረዙ ድረስ ሃርድ ዲስክዎ ባለበት ይቆያል። ከፍላሽ ሲነሣ ቀሰስ ይላልና በዚያ አይፍረዱበት።

ሊኑክስ ነጻ ነው ሲባል ግን የሚያወርዱበት ዳታ ነጻ አይደለም። የኡቡንቱ አዘጋጅ ካኖኒካል እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ የኡቡንቱን ሲዲ በየአገሩ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ዛሬ ኡቡንቱ 24.04ን ለማውረድ ወደ 6 ጊጋ፣ ሚንት 22ን ደግሞ ወደ 3 ጊጋ ገደማ ይፈልጋል። ይህ ወጪ ከጫኑም በኋላ ይከተልዎታል። አርች ያለማቋረጥ የሚታደስ ስለሆነ በየጊዜው ብዙ ያወርዳል፤ ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ ሚንት 22 ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ድረስ ድጋፍ አለው። በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ሰው ምርጫው እዚህ ላይ ግማሹ አልቋል ባይ ነኝ።

ሰው ግን የሚያየው መልኩን ነው። አንዱን ጭኖ በሳምንቱ ሌላውን የሚጭን፣ ሲጭንና ሲነቅል የሚከርም ሞልቷል፤ አብዛኛው የሚቀያይረው ገጹን ብቻ መሆኑን ሳያውቅ። ግኖም፣ ሲናሞንና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉት ገጾች ዴቢያን ላይም ፌዶራ ላይም ይጫናሉ። መልኩ ካልጣመዎት ገጹን ይቀይሩ እንጂ ቤቱን አያፍርሱት።

እርስዎ የሚፈትኑት ሌላ ነው። ዋይፋዩ ይይዛል? በተለይ ብሮድኮም ቺፕ ያለበት ላፕቶፕ መጀመሪያ ላይ እምቢ ማለት ይወዳል። ያኔ ስልክዎን በገመድ ሰክተው ኢንተርኔቱን በእሱ ያስገቡና የጎደለውን ድራይቨር ያውርዱ። ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነቃል? ፕሪንተሩን ያውቀዋል?

ከሁሉም በላይ አማርኛ ይጻፉበት። ማንበቡ ብዙ አያስቸግርም፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ለመጻፍ ግን አይባስ የሚባለው የመተየቢያ ሥርዓት ላይ ኤም17ኤን የተባለውን ጨምረው፣ ከአማርኛው ሴራ የሚለውን (ስሙ አያስደንግጥዎ) ይምረጡ። ትንሹ ቲ «ት»ን፣ ትልቁ ቲ «ጥ»ን ይሰጣል፤ አናባቢ ሲከተል ፊደሉ ቅርጹን ይለውጣል። ፓወር ግዕዝ ለለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ ይጎረብጣል። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፉ ፋይሎች ካሉዎት ደግሞ ሊብሬኦፊስ ይከፍታቸዋል፤ ነገር ግን ፎንቱን ከዊንዶውሱ ቀድተው ካላመጡለት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚያሳይዎት። እኔ ብሆን የቆየ የማኅበር ቃለ ጉባኤ የያዘ ላፕቶፕ ይህን ሳላይ አልነካም።

ፒችትሪ ላይ እንጀራዎን የሚበሉ የሂሳብ ሠራተኛ ወይም አውቶካድ የሚሠሩ መሐንዲስ ከሆኑ ዊንዶውሱን አያጥፉ፤ እነዚህ ለሊኑክስ አልተሠሩም። ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። ለሌላው ሰው፣ 4 ጊጋ ራም ላላት ላፕቶፕ፣ የእኔ ምርጫ ሚንት ከኤክስኤፍሲኢ ገጽ ጋር ነው። ዴቢያንን ብወደውም ለጀማሪ አልሰጥም።

ኢንስቶል የሚለውን ለመጫን የወሰኑ ቀን ፋይልዎን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ዊንዶውሱን የሚያቆዩት ከሆነ ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ። ከበራ፣ የማስነሻውን ቅንብር ሲነካኩ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅዎት ይችላል። ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ አያስቀምጡት።

አክባሪዎ