ከአሜሪካ የመጣው ላፕቶፕና የአንድ ሰዓት ቅሬታ



እኔና ባለቤቴ ባልና ሚስትን ለማማከር ስንቀመጥ በብዛት የሚነሱት ገንዘብ፣ ዘመድና የልጅ አስተዳደግ ናቸው። አንዱ አሜሪካ፣ ሌላው አዲስ አበባ በሚኖሩ ባለትዳሮች ዘንድ ግን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኖቬምበር ወር፣ ብቅ የሚል ሌላ ቅሬታ አለ። «በተባባልንበት ሰዓት አልደወለም» ትላለች እርሷ። «ደውዬ ነበር፤ ተኝታ አገኘኋት» ይላል እርሱ። አንዳቸውም አልዋሹም። ከመካከላቸው አንዱን ለንስሐ ከመጥራታችን በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ ብንጠይቀው ይሻላል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ባል ዋሽንግተን አካባቢ ይሠራል። የምሳ ዕረፍቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት፣ በእኛ 7 ሰዓት ነው። በእነርሱ የሙቀት ወራት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ እርሱ ምሳ ሲወጣ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ልጆቹ እራት በልተው አባታቸውን ይጠብቃሉ። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ሌሊት አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ ኢትዮጵያ ግን ሰዓቷን አትለውጥም። ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ባል እንደ ልማዱ በምሳ ዕረፍቱ ይደውላል፤ እዚህ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ትንሹ ልጅ «አባዬስ?» እያለ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እናትም አኩርፋለች። በማርች ሁለተኛው እሁድ ደግሞ ነገሩ ተመልሶ ይገለበጣል።

ይህን ያህሉ የሁለት አገር ልማድ ነው፤ ከተነጋገሩበት ያልፋል። የሚባባሰው ላፕቶፑ ሲጨመርበት ነው። ባል ለገና ወደ አገር ቤት ሲመጣ የሚጠቀምበትን ላፕቶፕ ለቤተሰቡ ትቶ ይሄዳል። ማሽኑ ሲከፈት የዋሽንግተንን ሰዓት ያሳያል። ከቤተሰቡ «ኮምፒውተር ያውቃል» የሚባለው ሰው ሰዓቱን በእጁ 8 ሰዓት ወደ ፊት ይገፋውና የአዲስ አበባን ያደርገዋል። ተስተካከለ ተባለ። ማሽኑ ግን በልቡ አሁንም ዋሽንግተን ነው። ማርች ላይ የአሜሪካ ሰዓት በሚለወጥበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሳሎን ላይ ተቀምጦ ራሱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ያስቀድማል! የባልየው ጥሪ ላፕቶፑ በሚያሳየው መሠረት በሰዓቱ የደረሰ ይመስላል፤ ምክንያቱም ማሽኑ የሚከተለው እርሱን ነው። ጠዋት ግን ያንን ሰዓት አይታ ልጆቹን ያዘጋጀች እናት የትምህርት ቤቱ በር ሳይከፈት ትደርሳለች። ስትናደድ ሰዓቱን እንደገና በእጇ ትመልሰዋለች፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ እርሱ በተራው ወደ ኋላ ይቀራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እዚህ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ዩቲሲ የሚባለው የዓለም ሰዓት ነው፤ ለሁሉም አገር አንድ ነው። ማሽኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ከዚያ የሚቀበለው ይህንን ብቻ ነው። ሁለተኛው ታይም ዞን ነው፤ ማለትም ማሽኑ የት አገር እንዳለ የሚነገረው። አዲስ አበባ በዓለም ሰዓት ላይ 3 ትጨምራለች፤ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ 5 ወይም 4 ትቀንሳለች። አገሩን ሳትነግሩት ሰዓቱን በእጅ ብትገፉት በዓይን የሚታየው ቁጥር ልክ ይሆናል፤ በስሩ ያለው የዓለም ሰዓት ግን በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይዛባል። በማሽኑ የኢሜል ፕሮግራም የተላከ ደብዳቤ ገና ያልደረሰ ሰዓት ሊጻፍበት ይችላል። ባል በዋሽንግተን 1 ሰዓት ብሎ የላከው የዙም ቀጠሮ በሚስት ላፕቶፕ የቀን መቁጠሪያ ላይም ያው 1 ሰዓት ተብሎ ይወጣል። እርሷ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፀጉሯን አበጥራ ስትከፍተው ማንም የለም። ዋሽንግተን ገና አልነጋም፤ ሰውየው ተኝቷል። በዚህ ምክንያት ስንት ኩርፊያ እንዳለፈ ጌታ ይወቀው።

የአበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ብለው 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚስቡም አሉ። ፍቅሩ ይገባኛል፤ መዘዙ ግን ያው ነው። ለዚያ የግድግዳውን ሰዓት ተጠቀሙ።

መፍትሔው አጭር ነው። በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሴቲንግስ ክፈቱ፤ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ከዚያ ዴት ኤንድ ታይም ግቡ። ታይም ዞን ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን አትፈልጉ፤ የእኛ ሰዓት «ናይሮቢ» ተብሎ፣ ፊቱ ላይ ፕላስ 3 ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። እርሱን ምረጡ። ዝርዝሩ አልከፈት ካለ «ሴት ታይም ዞን ኦቶማቲካሊ» የሚለውን አጥፉ። ቀጥሎ «ሴት ታይም ኦቶማቲካሊ» የሚለውን አብሩና ኢንተርኔት እንዳለ «ሲንክ ናው» የሚለውን ተጫኑ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ መጀመሪያ አገሩ፣ ከዚያ ሰዓቱ። ናይሮቢ ከተመረጠ በኋላ በማርችም በኖቬምበርም የሚነካው የለም።

ላፕቶፑ ባለበት በአሜሪካ ላሉት ደግሞ ዞኑ የከተማቸው ሆኖ፣ «አጀስት ፎር ዴይላይት ሴቪንግ ታይም ኦቶማቲካሊ» የሚለው መብራት አለበት። አሪዞና በአብዛኛው፣ ሃዋይም ፈጽሞ ሰዓት ስለማይለውጡ እዚያ ያላችሁ የራሳችሁን ዞን ምረጡ። የጊዜው ሕግ በመንግሥት ይለወጣልና የማሽኑን አፕዴት አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ የአሜሪካ ለውጥ በኤፕሪል የመጀመሪያ እሁድ ጀምሮ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ያበቃ ነበር፤ በ2005 የወጣ ሕግ ከ2007 ጀምሮ አሁን ወዳለበት ወሰደው። አዲሱን ሕግ ያልተነገረው አሮጌ ማሽን በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ሰዓት ይሳሳታል። ለውጡ በእሁድ ሌሊት ስለሚውል ጉዳቱ የሚታየው በአምልኮ ሰዓት ነው። መዝሙር የሚያወጣው ላፕቶፕ ራሱን አስተካክሎ፣ የአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ሳይነካ ቢቀር ሰባኪው ገና ሰፊ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። በማርች እንዲህ ይሆናል፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስህተቱ ከአንድ ሰዓት ወይም ከሙሉ ሰዓታት ውጪ ከሆነ ግን የዞን ጉዳይ አይደለም። ማሽኑ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ወይም ደቂቃው ቀስ እያለ ከቀረ፣ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያለችው ክብ እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ደክማለች። እንዲህ ሲሆን ደኅና የነበሩ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ መከልከል ይጀምራሉ። ለጥገና ባለሙያ ስጡት፤ ቤት ውስጥ አትፍቱት።

ዘመድ በሌላ አገር ላላችሁም በአጭሩ፦ ሪያድና ዶሃ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ስዊድንና ጀርመን በክረምታቸው በ2፣ በሙቀት ወራት በ1 ሰዓት ከኋላችን ናቸው። እስራኤል በክረምት በአንድ ሰዓት ከኋላችን ትሆንና በሙቀት ወራት እኩል ትሆናለች። አውሮፓ የሚለውጠው በማርች የመጨረሻ እሁድ ስለሆነ አሜሪካ ከለወጠች በኋላ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የሦስት አገር ቤተሰብ ቀጠሮ ሲይዝ ይጠንቀቅ።

ባሎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ሥራ አለ። በዚያው ዴት ኤንድ ታይም ገጽ ላይ «አዲሽናል ክሎክስ» የሚል አለ። «ሾው ዚስ ክሎክ» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ ናይሮቢን ምረጡ፤ ስም ስጥ ሲላችሁ «ቤት» ብላችሁ ጻፉበት። የማውሱን ቀስት ታች ቀኝ ጥግ ባለው ሰዓት ላይ ስታሳርፉ የሁለቱም አገር ሰዓት ይታያችኋል። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ከሥራ በፊት አንድ ጊዜ ተመልከቱትና ልጆቹ ሳይተኙ መቼ መደወል እንዳለባችሁ ከእርሷ ጋር አዲስ ሰዓት ቁረጡ።